«ሽቅብ» በቆመበት የተመረቀ ዕለት

ለሕዝቡ ሁሉ፣ ለመጪውም ትውልድ ጭምር እንዲታወቅ፤ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በፍሳሽ መስመሮች ጽሕፈት ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የነዳፊዎች ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ኮምፒውተር ተከፈተ። የከፈተው ጋሽ እርሳስ ነው። ቁልፉን ተጫነ፤ ማሽኑ አንዴ አጓራ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ከዚያም በራ። በዚያ ጽሕፈት ቤት አንድ ነገር በተጫኑት ጊዜ መሥራቱ በራሱ በታሪክ ሊመዘገብ የሚገባው ጉዳይ ስለሆነ ነው ነገራችንን ከዚህ የምንጀምረው።

ጋሽ እርሳስ የተባለው እርሳሱን ከጆሮው ላይ ስለማያወርድ ነው። ፀጉሩን ሲቆረጥ እንኳ ወደ ሌላኛው ጆሮ ያዛውረዋል እንጂ ኪሱ አይከተውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፍሳሽ ቱቦ ሲነድፍ ኖሯል። የተከበረ ሥራ ነው፤ እሱ ባይኖር ከተማው ምን ምን እንደሚሸት መገመት አያዳግትም። ቢሆንም አንድ ቅሬታ ነበረው፤ ይህንንም ከሚስቱ በቀር ለማንም አልተናገረም። የነደፈው ነገር ሁሉ ይቀበራል። ሌላው ነዳፊ ልጆቹን ይዞ ወጥቶ በጣቱ ወደ ፎቅ ይጠቁማል፤ እሱ ልጆቹን ይዞ ቢወጣ «ከቆማችሁበት ሥር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ» ከማለት ሌላ የሚያሳየው የለውም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ» አላት ለሚስቱ አንድ ቀን፣ «አንድም ሥራዬ ፀሐይ አልሞቀም።»

«የሞቀ ለታ ነው ጉዱ» አለችው። «ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል።»

እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ግን አላጽናናውም።

ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር ሲቀረው፣ እላይ ባልነው ማክሰኞ፣ ወሬው ከአፉ ስለሚፈጥን «ቱርቦ» የሚባለው ወጣት መሐንዲስ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አንድ ጨዋታ ጫነ። የጦር አውሮፕላን ማብረሪያ ነው። እንደ እውነተኛው መሪ አለው፣ ሰዓቶች አሉት፣ ሰማይ አለው፣ የወገንና የጠላት ጦር ሰፈር አለው።

«ጋሼ፣ ዋናው ጉድ ግን ይኼ አይደለም» አለ ቱርቦ። «እዚህ ውስጥ ያልነበረ አውሮፕላን ነድፈህ ማስገባት ትችላለህ።»

«ያልነበረ ስትል?»

«ታሪክ ሌላ መንገድ ይዞ ቢሆን ኖሮ ሊኖር ይችል የነበረ። በለው፣ ያ ትልቁ ጦርነት ሁለት ዓመት ቢራዘም ኖሮ፣ እኛም አገር የአውሮፕላን ፋብሪካ ቢከፈት ኖሮ፣ ፋብሪካው ደግሞ አንተን ቀጥሮህ ቢሆን ኖሮ...»

«ኖሮውን ቀንሰህ ንገረኝ። እኔ ነድፌ ላስገባው እችላለሁ?»

«ትችላለህ።»

«ወደ ላይ ይወጣል?»

«በደንብ ከነደፍከው ምን ይይዘዋል።»

ጋሽ እርሳስ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

ከዚያ በኋላ ለአራት ሳምንት ምሳውን እንደያዘ እየተመለሰ፣ ሚስቱንም እያስኮረፈ፣ በምሳ ሰዓቱ ነደፈ። ክንፎቹን ወደ ኋላ ሸሸት አደረጋቸው። ሆዱን አቀጠነው። የነዳጅ ቱቦዎቹን ሲነድፍማ ማንም አይስተካከለውም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የለፋበት ነገር ነው፣ በዓለም ላይ እንደዚያ የተዋጣለት ተዳፋት ያለው የነዳጅ መስመር በምንም አውሮፕላን ላይ የለም። ሲጨርስ ስም አወጣለት፤ «ሽቅብ» አለው። በፍሳሽ ሙያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሕግ «ቁልቁል» የሚል ነው። የሰውዬውን ነገር የገባው ይገባዋል።

የቀረው ማብረር ብቻ ነበር። ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ቱርቦ ወንበር ስቦ፣ የጽሕፈት ቤቱ የሕግ ባለሙያ ከኋላ ቆሞ፣ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ሻይዋን ይዛ መጥታ፣ ጋሽ እርሳስም መሪውን ሊጨብጥ እጁን ሲዘረጋ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሳያንኳኩ ገቡ።

የሥራ ሰዓት ከገባ አርባ ደቂቃ አልፏል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ኃላፊው።

«አውሮፕላን ነው ጌታዬ» አለ ጋሽ እርሳስ። ሌላ ሊለው የሚችለው ነገር አጣ።

«የማን?»

«የማንም አይደለም። ያልነበረ ነው። ቢሆን ኖሮ ሊኖር ይችል የነበረ ነው።»

ኃላፊው ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብለው ብዙ አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ በሆዷ ለስንብት ደብዳቤዋ ቁጥር እየሰጠች ነበር።

«እንግዲህ» አሉ ኃላፊው በተጎዳ ድምፅ፣ «በዚህ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አየር ኃይል ሲቋቋም እኔ ከሰው መስማት ነበረብኝ?»

ሠራተኞቹ ቅጣት ጠብቀው ነበር። የመጣባቸው ከቅጣትም የከፋ ነው፤ ድጋፍ መጣባቸው።

በማግስቱ ኃላፊው ሊቀመንበር የሆኑበት፣ የሕግ ባለሙያውና ቱርቦ አባል፣ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ያዥ የሆኑበት «የቢሆን ኖሮ አየር ኃይል አስተባባሪ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ጋሽ እርሳስ አባል አልሆነም፤ ጡረታ ለመውጣት የተቃረበ ሠራተኛ አዲስ ኃላፊነት አይሰጠውም የሚል መመሪያ አለ። አውሮፕላኑን የነደፈ እንደመሆኑ መጠን ግን በበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲያዳምጥ በመርህ ደረጃ ተፈቀደለት።

የኮሚቴው የመጀመሪያ ውሳኔ የጥበቃ ጉዳይ ነበር። የወገን ሃንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን ማቆሚያው ቤት፣ በይለፍ ቃል ተቆለፈ። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ ወረቀቱ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ፖስታው በአራት ማዕዘኑ ማህተም ተመትቶበት፣ ሦስት ሰው ካልፈረመ በማይከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። «ሽቅብ»ም እዚያው ሃንጋር ውስጥ ቀረ። የጠላት ሃንጋር ክፍት ተተወ፤ ስለ ጠላት ንብረት ማን ይጨነቃል?

ሁለተኛው አጀንዳ ስሙ ነበር።

«ሽቅብ የሚለው ስም ያሳስበኛል» አለ የሕግ ባለሙያው። «በመቋቋሚያ ደንባችን አንቀጽ ሁለት መሠረት ይህ ጽሕፈት ቤት ማናቸውንም ነገር ወደ ታች የመምራት ሥልጣን ነው የተሰጠው። ወደ ላይ የመምራት ሥልጣን የለንም።»

«አውሮፕላን እኮ ነው» አለ ቱርቦ። «ወደ ታች ከመራነው ተከሰከሰ ማለት ነው።»

«መከስከሱ ቢያንስ ከደንቡ ጋር አይጋጭም።»

ከሦስት ስብሰባ በኋላ ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ ስም ተገኘ፤ «ቁልቁለትን ታሳቢ ያደረገ ሽቅብ» ተባለ። ክንፉ ላይ አልበቃ ስላለ ግማሹ ወደ ጅራቱ ዞሮ ተጻፈ።

እዚህ ድረስ ጋሽ እርሳስ ታግሷል። ስም ምን ያደርጋል፣ ይብረር እንጂ። ጉዱ የመጣው በታሪኩ ላይ ነው። ጨዋታው ማንኛውም ያልነበረ አውሮፕላን ሲገባ «ታሪክ» የሚል ባዶ ቦታ ያቀርባል፤ በምን ሁኔታ ሊኖር ይችል እንደነበር ባጭሩ ይሞላበታል። ሌላው ዓለም ላይ ያለው ተጫዋች ሁሉ ሁለት መስመር ጽፎ ያልፈዋል። ኮሚቴው ግን የታሪክ ሰው ነው።

«መቼ ታዘዘ?» አሉ ክቡር ሊቀመንበሩ።

«ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት እንበል» አለ ቱርቦ።

«ማን አዘዘው?»

«እኛ ነን እኮ የምንፈጥረው ጌታዬ። ማንም ሊሆን ይችላል።»

«ማንም ሊያዝዝ አይችልም። በደብዳቤ ነው በቃል?»

«በደብዳቤ ይሁን።»

«ደብዳቤው ለማን ተመራ?»

ቱርቦ የሕግ ባለሙያውን አየ፤ የሕግ ባለሙያው ጣራውን አየ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ፣ ያልነበረ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ያልነበረው ሚኒስቴር ለሌላ ያልነበረ መምሪያ ጻፈ፤ መምሪያው «ጉዳዩ እኛን አይመለከትም» ብሎ መለሰ። ክቡር ሊቀመንበሩ እዚህ ላይ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው «ይህ ሕይወት ያለው ታሪክ ነው» አሉ። በአራተኛው ሳምንት ሞተሮቹ ከውጭ ታዝዘው መርከብ ላይ ተጫኑ። በአምስተኛው ሳምንት ወደብ ደረሱ። በስድስተኛው ሳምንት ጉምሩክ ያዛቸው።

«ለምን ይያዛሉ?» አለ ጋሽ እርሳስ ከበሩ አጠገብ። እንዲናገር አልተፈቀደለትም ነበር።

«የሰነዱ ዋና ቅጂ አልተያያዘም» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ለምን አልተያያዘም?»

«ፎቶ ኮፒው ነው የተያያዘው።»

«ጌታዬ፣ ቢሆን ኖሮ ነው እኮ። ሞተሮቹ በቀጥታ ፋብሪካ ገቡ ብንልስ?»

ሊቀመንበሩ በርኅራኄ አዩት። «ጋሽ እርሳስ፣ ማን ያምነናል?» አሉ።

ኮሚቴው አንድ አፍ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ተብሎ የተፈጠረ ሁሉ አገሩ ጄት አውሮፕላን ሠርታ ነበር ቢሉት ዝም ብሎ ሊውጥ ይችላል፤ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ሳይያዝ አለፈ ቢሉት ግን መጽሐፉን ዘግቶ ይነሳል።

ከጉምሩኩ ክርክር ብዙ ቀደም ብሎ፣ ኮሚቴው ሌላም ታላቅ ሥራ ሠርቷል፤ ጠላት መድቧል። ጠላት የሌለው አየር ኃይል ምን ብሎ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሊቀመንበሩ ጠየቁ። ነገር ግን ጠላት እንዲሆን የተጠየቀው ሁሉ ምክንያት ነበረው። የሕግ ባለሙያው የጥቅም ግጭት አለብኝ አለ። ቱርቦ «እናቴ ብትሰማ ታዝንብኛለች» አለ።

«እኔም በዚህ ዕድሜዬ አልችለውም» አለች የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ። «ጠላትነት ሩጫ አለው።»

በመጨረሻ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ያለችው ስልከኛ ትዝ አለቻቸው። የስልክ ማገናኛዋ መስመር ከተቆረጠ አራት ዓመት ሆኖታል፤ የሥራ መደቧን የሚሰርዘው ደብዳቤ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ በየቀኑ በሰዓቷ ትገባለች፣ በሰዓቷ ትወጣለች፤ የምታገናኘው ሰው የለም። እንዲህ የሚል ደብዳቤ ደረሳት፤

«ጉዳዩ፦ ጠላት ሆነው እንዲሠሩ ስለመመደብ። ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ ከዛሬ ጀምሮ ከመደበኛ ሥራዎ ጋር ደርበው ጠላት ሆነው እንዲሠሩ የተመደቡ መሆኑን እያሳወቅን፣ የተለመደ ትብብርዎ እንዳይለየን እንጠይቃለን። ከሰላምታ ጋር።»

ጨዋታውን ቱርቦ ወርዶ ብዙ ሰው በአንዴ የሚያበርበት አድርጎ ጫነላት፣ ከላይኛው ጋርም አገናኘው። ከዚያን ቀን ወዲህ የአየር ኃይሉ የጦር ዕቅድ ሁሉ ለጠላት በግልባጭ ይደርሳት ጀመር። ምስጢር ነው፤ ግን የሚመለከታት አካል ናት፣ ግልባጭ መከልከል አይቻልም።

ጋሽ እርሳስ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ ኮሚቴው የመጨረሻ ውሳኔውን ሰጠ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ቆማ አነበበችው።

«ኮሚቴው የአውሮፕላኑን ታሪክ ከመረመረ በኋላ፣ ሞተሮቹ ከጉምሩክ የተለቀቁት ጦርነቱ ካበቃ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ መሆኑን አረጋግጧል። ስለሆነም ታሪክ ሌላ መንገድ ይዞ ቢሆን ኖሮ እንኳ አውሮፕላኑ አይበርም ነበር። ያልበረረን አውሮፕላን ማብረር ያልነበረውን ታሪክ ማዛባት ስለሚሆን፣ አውሮፕላኑ ዓርብ ዕለት ከነዳፊው የጡረታ ሽኝት ጋር ተዳብሎ በቆመበት እንዲመረቅ ተወስኗል።»

ጋሽ እርሳስ ከወንበሩ ተነሳ። የሆነ ነገር ከደረቱ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማዋል፤ የመስመሩ ተዳፋት ጥሩ ሳይሆን አይቀርም፣ የትም ሳይደናቀፍ ነው የወረደው። ይኸኛውም ተቀበረ ማለት ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። «ዞሮ ይመለስ። ሁለት ደቂቃ።»

«ስሜትህን እንረዳለን» አሉ ሊቀመንበሩ። «ሆኖም ታሪክ ይፈርድብናል።»

«የትኛው ታሪክ?»

«ያልነበረው።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ እርሳስ የራሱን ንድፍ የያዘችውን ፍላሽ ከመሳቢያው አወጣ፣ ኪሱ ከተተ፣ ሦስቱን ፎቅ በእግሩ ወረደ። ስልከኛዋ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ የምደባ ደብዳቤዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ተቀምጣለች።

«ጋሽዬ» አለች። «ልትሰልለኝ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም። ልከዳ ነው።»

«እንደሱ ከሆነ ቁጭ በል። ወንበሯ አንድ እግሯ ይነቀነቃል፣ ወደ ግድግዳው አስጠጋት።» ሻይ ቀዳችለት። «ውሳኔውን አየሁት። ግልባጩ ደርሶኛል። በእውነት አዘንኩ፤ ጠላት ብሆንም አዘንኩ።»

«እናንተ ጋ ኮሚቴ አለ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ነው የሚያጸድቀው?»

«ምኑን? አውሮፕላን ነው። ከበረረ በረረ፤ ካልበረረ ወደቀ።»

ጋሽ እርሳስ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይህን ያህል አጭር ነገር ሰምቶ አያውቅም። ፍላሹን ሰጣት። ማሽኑ ፈልጎ አገኘው፤ የጠላት ሃንጋር በር ወለል አለ፣ «ሽቅብ»ም ገብቶ ቆመ። ከዚያ ያ ባዶ ቦታ መጣ።

«ታሪክ ይሞላ ይላል» አለች።

ጋሽ እርሳስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጦርነቱ ሁለት ዓመት ቢራዘም ኖሮ...»

እሷ ግን መጻፍ ጀምራ ነበር። «አንድ ሰው ነደፈው» ብላ ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች።

«ይበቃል?» አላት።

«ተቀብሎታል እኮ። አሁን እንሞክረው?»

እጁ ወደ መሪው ሊሄድ ብሎ ተመለሰ። «ነገ ይሁን» አለ። «ጨዋታው አዳራሹ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ይታያል። ከወደቀም ሰው እያየው ይውደቅ። ግን ማብረሩን ትችይዋለሽ?»

«ስድስት ሳምንት ሙሉ በቀን ስምንት ሰዓት ጠላት ነኝ ጋሽዬ። እናንተ ስትሰበሰቡ እኔ ምን ስሠራ የምውል መስሎህ ነው?»

ዓርብ ደረሰ። አዳራሹ ተጠረገ። ግድግዳው ላይ የወገን ጦር ሰፈር ወለል ብሎ ይታያል፤ መንደርደሪያው ረጅም ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ «ቁልቁለትን ታሳቢ ያደረገ ሽቅብ» ከተቆለፈው ሃንጋሩ ለምርቃቱ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀይ ሪባን ተወጥሯል። ጋሽ እርሳስ ከነሚስቱ ከፊት ተቀምጦ፣ የምስክር ወረቀቱ ታትሞ ሲያልቅ እንደሚሰጠው የሚያረጋግጥ ወረቀት ተሰጥቶት በሁለት እጁ ይዞታል።

ክቡር ሊቀመንበሩ ንግግር አደረጉ። ሃያ ሁለት ገጽ ነው።

«ዛሬ የምንመርቀው አውሮፕላን» አሉ፣ «ሌሎች አገሮች እንዳላቸው ዓይነት ተራ አውሮፕላን አይደለም። እነዚያ ይበራሉ፤ የሚበር ነገር ደግሞ ይወድቃል። የእኛ ግን እስከዛሬ አንድም አደጋ አላደረሰም። ይህም የአመራር ውጤት ነው።»

ተጨበጨበ።

«አውሮፕላናችን በአየር ላይ ያልታየው ስለማይችል ሳይሆን፣ ሥርዓት ስለሚያከብር ነው። ታማኝነት ማለት...»

በሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ታማኝነት ማለት ምን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ግድግዳው ላይ ባለው ሰማይ በስተቀኝ በኩል አንዲት ነጥብ ታየች። ነጥቧ ክንፍ አወጣች። ክንፎቿ ወደ ኋላ ሸሸት ያሉ ናቸው፣ ሆዷ ቀጭን ነው። በሊቀመንበሩ ጥላ ላይ አልፋ፣ በጦር ሰፈሩ ላይ ዝቅ ብላ ዞረች፤ ከዚያ አፍንጫዋን አቅንታ ሽቅብ ወጣች፣ ወጣች፣ ጣራው ጋ ደርሳ ፕሮጀክተሩ እስኪያልቅባት ድረስ ወጣች።

ጋሽ እርሳስ የያዘው ወረቀት ከእጁ ወደቀ። አላነሳውም።

«አራት ሳምንት ሙሉ ምሳህን እንዳለ ይዘህ የተመለስከው ለዚህ ነው?» አለችው ሚስቱ በሹክሹክታ።

«ለዚህ ነው።»

ሚስቱ አውሮፕላኗ ተመልሳ እስክትወርድ ድረስ ጠብቃ አየቻት። «ይሁን» አለች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሊቀመንበሩም ዞር ብለው አዩና እጃቸውን በሰፊው ዘርግተው «እነሆ አውሮፕላናችን» አሉ።

«የእኛ አይደለም ክቡር ሊቀመንበር» አለ ቱርቦ። «የእኛው እዚያ ሃንጋሩ በር ላይ ቆሟል። ይኼ የጠላት ነው።»

«እንግዲያው ጭብጨባው ከቃለ ጉባኤ ይሰረዝ» አለ የሕግ ባለሙያው፣ ራሱ ገና እያጨበጨበ።

«የእኛ ተነስቶ ይግጠመው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የእኛ ሞተሮች ጉምሩክ ላይ ናቸው» አለ ቱርቦ።

የጠላት አውሮፕላን አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሰም። ዝም ብሎ ይበራል፤ ይገለበጣል፣ ይቃናል፣ እንደገና ሽቅብ ይላል። መተኮሱ ይሻል ነበር፤ ለተኩስ ሪፖርት ይጻፍለታል። ሊቀመንበሩ ቱርቦን «ውረድና አስቁማት» ብለው ላኩት። ቱርቦ ወረደ። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አልተመለሰም። ግድግዳው ላይ ግን ሁለተኛ የጠላት አውሮፕላን ብቅ አለ፤ አበራረሩ ከወሬው የባሰ ይፈጥናል።

የሕግ ባለሙያው የተቃውሞ ደብዳቤ ይዞ ተላከ። ከጥቂት በኋላ ሦስተኛ አውሮፕላን መጣ፤ በየመታጠፊያው ቀኝና ግራውን ሁለት ሁለት ጊዜ እያየ ይታጠፋል። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ደብዳቤው መድረሱን በፊርማ ልታረጋግጥ ተነሳች፤ ጉልበቴን አሞኛል ስትል የኖረች ሴትዮ ደረጃውን ስትወርድ የሰሙ ሁሉ ሯጭ መስላቸዋለች። አራተኛው አውሮፕላን ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ እየተገለበጠ መጣ።

ተጋባዡ እንግዳም ሽንት ቤት የት ነው እያለ አንድ በአንድ ወጣ። የጋሽ እርሳስ ሚስት ሳትቀር «መጣሁ» ብላ ወጥታ በዚያው ቀረች። ሰማዩ በጠላት ተሞላ። በአዳራሹ ውስጥ የቀሩት ሁለት ሰዎች፣ አንድ ያልተቆረጠ ሪባንና አሥራ አምስት ያልተነበበ ገጽ ናቸው።

ሊቀመንበሩ ገጾቹን አስተካክለው ጠረጴዛው ላይ አኖሯቸው። ላባቸውን ጠረጉ።

«ጋሽ እርሳስ» አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። «ሁሉም ሲከዳ አንተ ብቻ በታማኝነት ጸንተህ ቀረህ። ይህን ውለታህን...»

«ጌታዬ» አለ ጋሽ እርሳስ፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል፤ «ሳልነግርዎ ብቀር ደስ አይለኝም። እኔ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ጠላት ነኝ።»

ሊቀመንበሩ ግድግዳውን አዩ። «ሽቅብ» አንዴ ዞሮ፣ ክንፉን ዘንበል አድርጎ፣ ብርሃኑን ጨብጦ ወጣ። አፋቸው በትንሹ ተከፍቶ፣ አገጫቸው አውሮፕላኑን ተከትሎ ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ደግሞ ወደ ጋሽ እርሳስ ጠጋ አሉና፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሰው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እዚያ ታች» አሉ፣ «ክፍት የሥራ ቦታ ይኖር ይሆን?»

አብረው ወረዱ። ከደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል ጢም ብላ ሞልታለች፤ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ይስቃል፣ አንዱ የአንዱን መሪ ይቀማል። ሊቀመንበሩ ከበሩ ላይ ቆመው ኮታቸውን ቆለፉ። ከደረት ኪሳቸው ብዕር አወጡ።

«ማመልከቻውን ለማን ነው የማቀርበው?» አሉ።

ስልከኛዋ ዓይኗን ከሰማዩ አላነሳችም፤ ሦስት አውሮፕላን ተሻምተውባት ነበር። በእጇ ብቻ ያቺን እግሯ የምትነቀነቀውን ወንበር ወደ ኋላ ገፋችለት።

«ማመልከቻ የለም» አለች። «ቁጭ በል።»

ሊቀመንበሩ ቁጭ አለ።